የልጆችን ትጋት ማክበር የከተማን ዕድል ማቅናት ነው

የትምህርቱ ዘመን ተፈጽሞ ክረምት ሲቃረብ በየወረዳው ከተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች የወላጆችን በዓል ያከብራሉ። በግቢው ውስጥ ዳስ ይጣላል፤ ወንበር ከየጎረቤቱ ይሰበሰባል፤ የከተማው ሹማምንት፥ የሃይማኖት አባቶች፥ ነጋዴዎችና የተማሪዎቹ ወላጆች እንደየማዕርጋቸው ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ከየክፍሉ ብልጫ ያገኙት ልጆች ስማቸው እየተጠራ ይነሣሉ፤ ከሹሙም እጅ ደብተርና እስክርቢቶ፥ ወይም አንድ መዝገበ ቃላት ይቀበላሉ፤ እናቶቻቸውም እልልታቸውን ያቀልጡታል። ነገሩን ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው ይህ ያንድ ቀን ጨዋታና የጥቂት ብር ወጪ ይመስለዋል። አስተውሎ ለመረመረው ግን ትንሽ ከተማ በዓመት ውስጥ ከምትሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ዋጋ ያለው ጥቂት ነው። ሕዝብ በአደባባይ የሚያከብረውን ነገር ልጆቹ ይመኙታልና፤ የተመኙትንም ሊደርሱበት ይተጋሉና።

ተማሪን ማክበር ካባቶቻችን የወረስነው ልማድ እንጂ ትናንት ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ሕፃን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደሉን ከለየ፥ አቡጊዳውን ከዘለቀና መልእክተ ዮሐንስን ካነበበ በኋላ ወደ ዳዊት ይሻገር ነበር። ዳዊቱን የደገመ ዕለት ወላጆቹ እንደ ዓቅማቸው ዳቦ ጋግረው፥ ጠላ ጠምቀው የኔታንና ጎረቤቱን ይጠሩ ነበር። ለመምህሩም እጅ መንሻ ይሰጡ፥ ምርቃትም ይቀበሉ ነበር። በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት ጥበብ ተሰውሮ ይገኛል። አንደኛው፥ የልጁ ድካም በከንቱ እንዳልቀረ በሰው ሁሉ ፊት መመስከሩ ነው። ሁለተኛው፥ ልጁ ሲከበር መምህሩም አብሮ መከበሩ ነው። የዛሬው ሽልማት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ይረሳል።

የትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ምን ማፍራት እንደሚችል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ በቆጂ ይመልከት። በቆጂ በአርሲ ምድር ከአሰላ በስተ ደቡብ የምትገኝ፥ ከፍታዋ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል የሆነ፥ ዙሪያዋ የገብስና የስንዴ ማሳ የሆነ የደጋ ከተማ ናት። ከዚህች ከተማና ካካባቢዋ የተነሣችው ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር 10,000 ሜትር ሮጣ የወርቅ ሜዳይ ስታገኝ፥ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች መካከል በኦሎምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1993 ዓ.ም. መባቻ በሲድኒ ይህንኑ ድል ደገመችው። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን አሸነፈች። ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. በአቴና አንድ፥ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ሁለት ወርቅ አገኘ። ጥሩነሽ ዲባባም በቤጂንግ ሁለት፥ በ2004 ዓ.ም. በሎንዶን አንድ ወርቅ ጨመረች። የሌሎቹን የከተማይቱን ልጆች ድል ሳንቈጥር የነዚህ የአራቱ ብቻ ቢደመር 9 የኦሎምፒክ ወርቅ ይሆናል። ይህን ያህል ክብር ያላገኙ ታላላቅ መንግሥታት በዓለም ላይ ብዙ ናቸው።

ሰው ይህን ሲሰማ ምክንያቱን ለከፍታውና ለቀጭኑ አየር ብቻ ይሰጣል። ደጋ አየር ሳንባን እንደሚያጠነክር እውነት ነው፤ ልጆች በየማለዳው ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡት መንገድም ጕልበታቸውን ያዳብራል። ነገር ግን ባገራችን እንደ በቆጂ ያለ ደጋ ብዙ አለ፤ ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ የሚሄድ ልጅም በየቀበሌው ይገኛል። በቆጂ በተጨማሪ ያገኘችው ሀብት የሚያይ ዓይን ያለው መምህር ነው። አቶ ስንታየሁ እሸቱ በከተማይቱ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። በደራርቱና በቀነኒሳ ውስጥ ያለውን ስጦታ ገና በልጅነታቸው ተመልክተው ያበረታቷቸው እኒህ መምህር ናቸው። በእጃቸው የነበረው የትምህርት ቤቱ ሜዳና የከተማይቱ ዳር ጫካ ነበረ እንጂ ብዙ ገንዘብና ልዩ መሣሪያ አልነበረም። የመጀመሪያዪቱ ልጅ ድል አድርጋ በተመሰገነች ጊዜ ደግሞ የጎረቤት ልጆች «እርሷ ካደረገችው እኛስ?» የሚሉበትን ምክንያት አገኙ። እንግዲህ ተሰጥዎ ዘር ነው፤ የመምህር ዓይን ዝናም ነው፤ የሕዝብ ምስጋና ግን አዝመራው ለሚመጣው ዓመት ዘር እንዲተርፍለት የሚያደርግ ጎተራ ነው።

ይህን ከተረዳን አንድ ጥያቄ ይከተላል። ለሯጭ የምንሰጠውን እልልታ ለሒሳብ አዋቂው፥ ለንባብ ወዳዱ፥ ለሳይንስ ተማሪው የምንነፍገው ስለ ምንድር ነው? በሩጫ ወርቅ የሚያገኙት ከሺህ አንድ እንኳ አይሆኑም፤ የቀሩት ሁሉ ኑሯቸውን የሚመሠርቱት በደብተራቸው ነው። በደብተሩ በኩል ያለው ነገር ደግሞ የሚያሳስብ ሆኖ ቆይቷል። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና መሰረቅን ለመከላከል ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ከተደረገ በኋላ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በዚያ ዓመት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ የቀሩት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 ይበልጡ ነበር።

ይህን ቍጥር አይቶ የትንሽ ከተማን ልጅ ሰነፍ ነው ብሎ መፍረድ ግን ቅን ፍርድ አይሆንም። አስቀድሞ አኗኗሩን መመርመር ይገባል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በብዙ ወረዳ የሚገኘው በከተማው ብቻ ስለ ሆነ፥ የገበሬው ልጅ ገና ባሥራ አራትና ባሥራ አምስት ዓመቱ ከናት ካባቱ ቤት ይለያል። ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞቹ ጋራ ጠባብ ክፍል ይከራያል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ አገሩ በእግሩ ወርዶ በሶውን፥ ቆሎውንና ድርቆሹን በትከሻው ተሸክሞ ይመለሳል። ውኃ ይቀዳል፤ ምግቡን ያበስላል፤ ልብሱን ያጥባል፤ የተረፈችውን ጥቂት ሰዓት ያጠናባታል። ልጃገረድ ስትሆን ደግሞ ሥጋቱ እጥፍ ነው፤ ከወላጅ ጥበቃ ርቃ በኪራይ ቤት ማደሯ አንድ ጭንቅ ሲሆን፥ «ተይው፥ ትዳር ይሻልሻል» የሚለው የዘመድ ምክር ሌላ ጭንቅ ነው። እንዲህ ያለ ኑሮ እየኖረ ከክፍሉ ሃያኛ የወጣ ልጅ፥ ሁሉ ከተሟላለት አንደኛ የሚያንስ ትጋት አሳይቷል ለማለት ማን ይደፍራል?

ስለዚህ በወላጆች በዓል ላይ ሽልማት ስንሰጥ ማዕርግን ብቻ አንመልከት። አንደኛ የወጣውን መሸለም ተገቢ ነው፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ከአርባኛ ወደ ሃያኛ ከፍ ያለው፥ መንገዱ ሩቅ ሲሆን አንድ ቀን ሳይቀር የተማረው፥ ታናናሾቹን እያስጠና የተማረው፥ ከቤተ ሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ክፍል የደረሰው፥ እነዚህ ሁሉ ስማቸው ሊጠራ ይገባል። ሁልጊዜ ያው ሦስት ልጅ ብቻ የሚጠራበት ትምህርት ቤት፥ ለቀሩት ሃምሳ ተማሪዎች «ይህ በዓል የእናንተ አይደለም» ብሎ እንደ ነገራቸው ይቈጠራል። መጠን ያለፈ ውዳሴ ልጅን ያስታብያል ብለው የሚሠጉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። መድኃኒቱ ግን ምስጋናን ማስቀረት ሳይሆን፥ የሚመሰገነው የልጁ ትጋት እንጂ ከሌላው መብለጡ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው።

ወላጆችም ከቤት ውስጥ የሚጠበቅባችሁ ድርሻ አለ። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ማንበብ የማታውቁ እንኳ ብትሆኑ የተማረውን ሲተርክላችሁ ማዳመጣችሁ ለርሱ ታላቅ ሽልማት ነው። ለልጃገረዲቱ የቤቱን ሥራ ከወንድሟ ጋራ አካፍሉላት፤ ውኃና እንጨት ሁልጊዜ በርሷ ትከሻ ላይ ብቻ ቢሆኑ፥ በፈተና ቀን ወደ ኋላ የቀረችበት ምክንያት ከቤታችሁ የወጣ መሆኑን አትርሱ። ወደ ትምህርት ቤቱም ክስ ሲኖር ብቻ አትሂዱ፤ መምህሩን ለማመስገንም ሂዱ።

በሥልጣን ላይ ያላችሁና በሀብት የተባረካችሁ የከተማ ሰዎች ደግሞ ከዚህ የሚከብድ ድርሻ አላችሁ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የትምህርቱን ሚኒስቴር ለብዙ ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው ነበር፤ ወደ ትምህርት ቤትም እየሄዱ ተማሪዎችን ይጐበኙና ሽልማት ይሰጡ ነበር። በዚያ ዘመን ከንጉሥ እጅ መጽሐፍ የተቀበለ ልጅ ያን ቀን እስከ እርጅናው ሲያወራው ይኖራል። የወረዳ ሹምም በበዓሉ ቀን መጥቶ ንግግር አድርጎ ቢሄድ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ማታ ማታ መብራት ያለበት አንድ የማንበቢያ ክፍል ለኪራይ ቤት ተማሪዎች ቢያስከፍት ከንግግሩ ይልቅ ይታወስለታል። ነጋዴውም ቤቱን ለተማሪ ሲያከራይ ኪራዩን በመጠን ቢያደርግ፥ የቤቱን ደጅ ለልጃገረዶች የሚያስጠብቅ ቢሆን፥ ስሙ በሽልማት ዝርዝር ውስጥ ባይጻፍም ሥራው በተማሪዎቹ ዕድል ውስጥ ተጽፎ ይቀራል። ከከተማይቱ ተምረው ወጥተው በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ ሥራ የያዙት ልጆቿም ለቀድሞ ትምህርት ቤታቸው መጽሐፍ ቢልኩ፥ ይልቁንም በዕረፍታቸው መጥተው ለተማሪዎቹ ቢታዩ፥ የደራርቱ ድል ለበቆጂ ልጆች የሠራውን ሥራ ለነዚህም ይሠራል። ልጅ ያየውን መንገድ አይፈራምና።

መምህሩንም አንርሳ። በትንሽ ከተማ የሚያስተምር መምህር ደመወዙ ጥቂት ነው፤ ቤቱ ኪራይ ነው፤ ወደ ታላቅ ከተማ የሚዛወርበትን ቀን ቢናፍቅ አይፈረድበትም። ከተማው ሲያከብረው ግን ለመቈየት ምክንያት ያገኛል። አንድ የሚያይ መምህር ሃያና ሠላሳ ዓመት ባንድ ስፍራ ሲቈይ ምን እንደሚሆን በቆጂ አሳይታናለች። እንግዲህ በወላጆች በዓል ዕለት ከልጆቹ አጠገብ መምህራኑ ቢጠሩና ባደባባይ ቢመሰገኑ፥ አባቶቻችን ለየኔታ የሚያደርጉትን ክብር መለስን ማለት ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ የልጆችን ትምህርት ለመምህር ብቻ ወይም ለድኻ ወላጅ ብቻ ብንጭነው ይከብዳል። ሹሙ፥ ነጋዴው፥ ካህኑና ሼኹ፥ እናትና አባት፥ የቀድሞው ተማሪም በየድርሻቸው ቢያነሡት ግን ለከተማይቱ ጌጥ ይሆናል። በሚመጣው የወላጆች በዓል ስሙ ያልተጠራ ትጉህ ልጅ እንዳይኖር ካሁኑ እንሰናዳ፤ ድርቆሹን በትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣው ተማሪ ከተማው እንደሚያየው ይወቅ። እግዚአብሔር የልጆቻችንን ድካም ይባርክልን።