የማውስ ቁልፍ ተጭኖ መያዙ በምን ይታወቃል?

ማውስ የሰውን እጅ ትእዛዝ ለኮምፒዩተር የሚያደርስ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ተሠራ። አሳቡን ያመነጨው ዳግላስ ኤንግልባርት፥ በእጁ የሠራው ደግሞ ቢል ኢንግሊሽ ሲሆን፥ አካሉ ከእንጨት ነበረ። ዛሬ ሥዕል ስንሥል ወይም ፋይል ስንጎትት ቁልፉን ተጭነን እንይዛለን። ታዲያ ጣታችን ከቁልፉ አለመነሣቱን ፕሮግራሙ በምን ያውቃል?

ለዚህ የግቢ ዘበኛ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ዘበኛ እንግዳ ሲመጣ «ገባ»፥ ሲሄድም «ወጣ» ብሎ ይነግራል እንጂ በየደቂቃው እየተመላለሰ «እንግዳው አሁንም አለ» አይልም። ዊንዶውስም እንዲሁ ነው። ቁልፉ ሲጫን አንድ መልእክት፥ ሲለቀቅ ሌላ መልእክት ለፕሮግራሙ ይልካል፤ በመካከሉ ግን ማውሱ ካልተንቀሳቀሰ ዝም ይላል። የኪቦርድ ጠባይ ከዚህ ይለያል፤ አንድ ፊደል ተጭኖ ሲያዝ መልእክቱ ይደጋገማል። ብዙ ጀማሪዎች ማውሱም እንደዚያ የሚደጋግም ይመስላቸዋል።

ስለዚህ ማስታወስ የፕሮግራሙ ሥራ ነው። ይኸውም «ተይዟል» የሚል ተለዋዋጭ ተዘጋጅቶ፥ ቁልፉ ሲጫን «እውነት»፥ ሲለቀቅ «ሐሰት» ይደረጋል። ቁልፉ እስከ ተያዘ ድረስ የሚደጋገም ሥራ ካለ፥ ሲጫን ታይመር ይነሣል፤ ሥራው ለምሳሌ በየ50 ሚሊሰከንዱ ይፈጸማል፤ ሲለቀቅ ታይመሩ ይቆማል። ቁልፉ እስኪለቀቅ ድረስ በሉፕ እየተሽከረከሩ መጠበቅ ግን አይገባም፤ ፕሮግራሙ የመልቀቁን መልእክት ለመቀበል ፋታ ስለማያገኝ መስኮቱ ደርቆ ይቀራል።

ዋናው ችግር ግን ገና ነው። እንግዳው በጓሮ በር ቢወጣ ዘበኛው አያየውም፤ በመዝገቡም እንዳለ ይቈጠራል። እንደዚሁም ሰው ቁልፉን በመስኮቱ ውስጥ ተጭኖ፥ ጎትቶ ከመስኮቱ ውጭ ቢለቀው፥ የመልቀቁ መልእክት ለሌላ መስኮት ይደርሳል። የሥዕል ፕሮግራሙም ጣቱ የተነሣውን ሰው ገና እንደ ያዘ ቈጥሮ መሥመሩን ይቀጥላል፤ ብዙ የተደከመበት ሥዕልም ይበላሻል።

መድኃኒቱ ቁልፉ ሲጫን «ሴትካፕቸር» የተባለውን ተግባር መጥራት ነው። ከዚያ በኋላ ማውሱ ከመስኮቱ ቢወጣም መልእክቱ ወደዚያው መስኮት ይመጣል። ቁልፉ ሲለቀቅ በ«ሪሊዝካፕቸር» ይዞታው ይለቀቃል። ሌላ መስኮት ይዞታውን ቢነጥቅም ዊንዶውስ ይህን የሚገልጽ መልእክት ስለሚልክ፥ ያን ጊዜም ተለዋዋጩን «ሐሰት» ማድረግ ያስፈልጋል።

መዝገቡን የተጠራጠረ ሰው ደግሞ ቤት ገብቶ ማየት ይችላል። «ጌትኤሲንክኪይስቴት» የተባለው ተግባር ቁልፉ በዚያች ቅጽበት ተጭኖ እንደሆነ ይነግራል፤ ከሚመልሰው 16 ቢት ከፍተኛው 1 ከሆነ ተጭኗል ማለት ነው። ነገር ግን የሚያየው የማውሱን አካል ስለሆነ፥ ለግራኝ ሰው ቁልፎቹ ተለዋውጠው እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፥ ፕሮግራም ስትጽፉ የሥራውን መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን መጨረሻውንም አስቡ። ሥራችሁን ለጓደኛ ከመስጠታችሁ በፊት ቁልፉን በመስኮቱ ውስጥ ተጫኑ፥ ወደ ውጭ ጎትታችሁ ልቀቁ፥ ከዚያም ተመለሱ። መሥመሩ ከተከተላችሁ ሥራው ገና አላለቀም።