ባሕር የቀረጸው፣ ባሕር የሚያፈርሰው

በታይዋን ደሴት ሰሜናዊ ጠረፍ ዬልዩ የሚባል፣ 1,700 ሜትር ያህል ወደ ባሕር ዘልቆ የገባ ጠባብ የመሬት ጫፍ አለ። ስፍራው በጥበቃ ሥር የሚገኝ ፓርክ ሲሆን፣ ከልዩ ልዩ አገሮች ጎብኚዎችን የሚስበው በዐለቶቹ እንግዳ ቅርጽ ነው።

ጎብኚው እንደገባ በቅድሚያ የሚቀበሉት ቀጭን አንገት ላይ ሰፊ ራስ የተሸከሙ፣ እንጉዳይ የሚመስሉ ድንጋዮች ናቸው። ከእነርሱ አጠገብ የሻማ፣ የዝንጅብልና የዝሆን መልክ የያዙ ዐለቶች ይታያሉ። እነዚህን ሁሉ የቀረጸ የሰው መሮ የለም። ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከባሕር ወለል ላይ የተነጠፈው አሸዋ ከጊዜ ብዛት ድንጋይ ሆነ። የምድር ቅርፊት ተገፍቶ ወደ ላይ ሲነሣም ድንጋዩ ለማዕበል፣ ለነፋስና ለዝናብ ተጋለጠ። ኖራ የበዛበት የላይኛው ክፍል ጠንካራ ስለሆነ ሲቋቋም፣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ክፍል እየተሸረሸረ ቀጠነ። የእንጉዳዩ ቅርጽ ምሥጢር ይኸው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው «የንግሥቲቱ ራስ» የተባለው ዐለት ነው። ከጎን ሲታይ ፀጉሯን ከፍ አድርጋ የሠራች ወይዘሮ ይመስላል። ሊቃውንት ምድሩ ከሚነሣበት ፍጥነት ተነሥተው ዕድሜውን ወደ 4,000 ዓመት ይገምቱታል። ይሁን እንጂ ይህን ውበት ያስገኘው መሸርሸር ዛሬም ሥራውን አላቆመም። አንገቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ በመሄዱ፣ አንድ ቀን በከባድ ዐውሎ ነፋስ ወይም በምድር መንቀጥቀጥ ሊቆረጥ እንደሚችል ይነገራል። ባለሙያዎች ድንጋይ የሚያጠነክር ቅብ በሌሎች ተመሳሳይ ዐለቶች ላይ ሞክረዋል። አንዳንዶች ግን ተፈጥሮ የሠራችውን ተፈጥሮ ራሷ ትፈጽመው ዘንድ መተው ይገባል ሲሉ ይከራከራሉ። የሰው እጅ የሚያደርሰውን ጉዳት መከላከል ተገቢ ስለ መሆኑ ግን ክርክር የለም። ዐለቱን መንካት የተከለከለ ሲሆን፣ ቀርቦ ፎቶግራፍ መነሣት ለሚሻ ሁሉ አምሳያው በመግቢያው በር አጠገብ ተሠርቶ ቆሞለታል።

በዚሁ ስፍራ ከዐለቶቹ መካከል ሰው የሠራው አንድ ሐውልት ይገኛል። በ1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1964) አንድ ተማሪ ባሕር ውስጥ በወደቀ ጊዜ፣ ሊን ቲየንቸን የተባለ የመንደሩ ዓሣ አጥማጅ ሊያድነው ዘሎ ገባ። ማዕበሉ ሁለቱንም ወሰዳቸው። የማያውቀውን ሰው ለማዳን ሲል ሕይወቱን የሰጠው ይህ ሰው ሐውልት ቆሞለት መታሰቢያው ሆኗል።

በባሕሩ ዳር ዐለቱ ላይ የተሰመረው ቀይ መስመር ትርጉም የሚገባው ይህን ታሪክ ላወቀ ሰው ነው። መስመሩ የመዝናናት ነፃነትን የሚቀንስ አይደለም። በተለይ በክረምት ወራት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ማዕበሉን ሲያስነሣ፣ አንድ እርምጃ መሳት የራስን ብቻ ሳይሆን ለማዳን የሚሮጠውንም ሰው ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ወደ ዬልዩ የሚሄድ ሁሉ ዓይኑን ይመግብ፤ እጁን ይሰብስብ፤ ከመስመሩም አይለፍ።