ቅጠሉ ምን ይናገራል? የተክልን ጉዳት በብርሃንና በአጉሊ መነጽር ስለ መለየት

ከደሴ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ፣ በሌላ ስሙ ሎጎ ሐይቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተኛ ጥልቅ ውሃ ነው። በዳርቻው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ስም የታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ገዳሙ ጥንታውያን የብራና መጻሕፍትን ጠብቆ በማቆየቱ ስመ ጥር ነው። ብራናን የሚጠብቅ ሰው አንድ ቅጠል ተጎድቶ ሲያገኝ ጉዳቱን ያደረሰው ማን እንደ ሆነ ከመልኩ ይለያል። አይጥ የበላው ጠርዝ፣ እርጥበት የነካው ገጽና የሻማ ጠብታ ያረፈበት ቦታ አይመሳሰሉም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ተመሳሳይ ነው፦ በዚያው ሐይቅ ዙሪያ በጓሮ ያለ የቡና፣ የብርቱካን ወይም የማንጎ ተክል፣ ወይም በቤት ውስጥ በጣሳ የተተከለ ጤናዳም ቅጠሉ ሲበላሽ ምክንያቱን ከመልኩ ማወቅ ይቻላልን?

ጥያቄው የጉጉት ጥያቄ ብቻ አይደለም። የሐይቅ ሐይቅ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በአንኳርካ ወንዝ በኩል ውሃ ይቀበላል፤ ከራሱ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። በመሆኑም ከማሳ ታጥቦ የሚገባ ነገር በወንዝ ተጠርጎ የሚሄድበት መንገድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ ሐይቁ የተጨመረው የቆሮሶ ዓሣና በውሃው የሚጠቀም ሕዝብ ከዚሁ ውሃ ጋር ይኖራሉ። ምክንያቱ ሳይለይ የተረጨ ፀረ ተባይ ተክሉን ሳያድን ገንዘብን፣ ጤናንና ውሃን ይጎዳል። ስለዚህ መርጫውን ከማንሳት በፊት ቅጠሉን ማንበብ ያስፈልጋል።

ጤነኛ ቅጠል ለምን አረንጓዴ ሆነ?

ተማሪዎች እንደሚያውቁት በቅጠል ውስጥ ብርሃን አስተጻምሮን የሚያከናውነው ክሎሮፊል የተባለው ቀለም ነው። ክሎሮፊል ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ሰማያዊና 670 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ቀይ አጥብቆ ይውጣል። 550 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ግን በአንጻሩ ያነሰ ስለሚውጥ፣ ወደ ዓይናችን ተመልሶ የሚመጣው ይኸው ነው። በቅጠሉ ውስጥ ካሮቲኖይድ የሚባሉ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለሞችም አሉ፤ ሆኖም ክሎሮፊሉ ሸፍኖ ይዟቸዋል። ቅጠል ቢጫ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ቀለም መጥቶበት ሳይሆን አረንጓዴው ስለ ጠፋ ነው። ስለዚህ «ቢጫ ሆነ» ማለት «ትኩሳት አለው» እንደ ማለት ነው፤ ሕመም መኖሩን ይነግረናል እንጂ የሕመሙን ዓይነት አይነግረንም።

ቅጠል ቀለም ብቻ ሳይሆን መዋቅርም አለው። በተለይ ከታችኛው ገጹ በኩል ሴሎቹ ተራርቀው የተቀመጡ በመሆናቸው በመካከላቸው አየር የሞላባቸው ክፍተቶች ይገኛሉ። ብርሃን ከእርጥብ የሴል ግድግዳ ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ግድግዳ ደጋግሞ ሲሻገር በየድንበሩ ይጸበረቃል፣ ይታጠፋል፣ ይበተናል። ክሎሮፊል የማይውጠው ታህተ ቀይ ብርሃን ከጤነኛ ቅጠል ግማሽ ያህሉ ተመልሶ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሳተላይቶች የሰብልን ጤንነት ከጠፈር የሚከታተሉትም ቀዩንና ታህተ ቀዩን በማነጻጸር ነው።

አየር የገባበትና ውሃ የገባበት ቅጠል

ከዚህ መዋቅር በመነሳት ሁለት ተቃራኒ የጉዳት ዓይነቶችን በቀላሉ መለየት እንችላለን።

የመጀመሪያው አየር የገባበት ጉዳት ነው። ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይና ትሪፕስ የተባለው ነፍሳት የቅጠሉን ሴሎች እየወጉ ፈሳሻቸውን ይመጣሉ። በፈሳሹ ቦታ አየር ይገባል። ባዶ የቀረው ሴል ክሎሮፊሉን በማጣቱና ብርሃንን አብዝቶ በመበተኑ ነጭ ወይም ብርማ ሆኖ ይታያል። የጠላ አረፋ ከጠላው ይልቅ ነጭ የሚሆነውም በዚሁ የአየርና የፈሳሽ ድንበር ብዛት ነው። የቀይ ሸረሪት ጉዳት በመርፌ እንደ ተወጉ ጥቃቅን ነጥቦች ሆኖ ይጀምርና እየበረታ ሲሄድ በቅጠሉ ሥር ስስ ድር ይታያል። የትሪፕስ ጉዳት ግን ብርማ ጭረት ሲሆን ጥቁር ነጠብጣብ የመሰለ ኩስ በላዩ ይገኛል። ዝናብ የማያገኘውና አየሩ ደረቅና ሞቃት የሆነ የቤት ውስጥ ተክል በተለይ ለቀይ ሸረሪት ይጋለጣል።

ሁለተኛው ውሃ የገባበት ጉዳት ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ወይም ውርጭ ሴሎችን ሲያፈርሱ ፈሳሹ ወደ አየር ክፍተቶቹ ይፈስሳል። የአየር የስብረት ቁጥር 1.0፣ የውሃ 1.33፣ የሴል ግድግዳ ደግሞ 1.4 ገደማ መሆኑን እናስታውስ። ብርሃን ከግድግዳ ወደ አየር ቀጥ ብሎ ሲሻገር በአንድ ድንበር 3 በመቶ ገደማ ይጸበረቃል፤ ከግድግዳ ወደ ውሃ ሲሆን ግን የሚጸበረቀው ከ0.1 በመቶ ያነሰ ነው። ስለዚህ ውሃ የሞላበት ቦታ ብርሃንን መበተን ያቆምና ዘይት እንደ ነካው ወረቀት ጠቆር ብሎ ብርሃን አሳላፊ ይሆናል። ቅጠሉን ወደ ሰማይ አንሥቶ መመልከት ልዩነቱን ያወጣዋል። ዘይት የነካው መስሎ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ የሚመጥ ተባይን ሳይሆን የባክቴሪያን ወይም የውርጭን ምልክት እንፈልጋለን።

ጉዳቱ ከየት ጀመረ?

ከቀለሙ ቀጥሎ የሚጠየቀው ቦታው ነው። ተክል የጎደለውን ንጥረ ነገር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሊያዛውር ይሞክራል። ናይትሮጅን፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በቀላሉ ይጓጓዛሉ። በመሆኑም ሲጎድሉ ተክሉ ከታችኞቹ ያረጁ ቅጠሎች ወስዶ ለቡቃያው ይሰጣል፤ ምልክቱም ከታች ይጀምራል። ብረትና ካልሲየም ግን አንድ ጊዜ ከተቀመጡበት በቀላሉ አይነሡም፤ ሲጎድሉ ምልክቱ በላይኞቹ ለጋ ቅጠሎች ላይ ይታያል።

ስለዚህ ደም ሥሮቹ አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ክፍል ብቻ ቢጫ የሆነ ቅጠል ስናይ «ያረጀ ነው ወይስ ለጋ?» ብለን እንጠይቅ። ያረጀ ከሆነ ማግኒዚየምን፣ ለጋ ከሆነ ብረትን እንጠረጥራለን። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው፣ የብረት እጥረት ምልክት ሁልጊዜ ብረት ከአፈሩ ጠፍቷል ማለት አለመሆኑ ነው። አፈሩ ኖራማ ከሆነ ብረቱ ሳይሟሟ ይቀራል፤ ውሃ አብዝቶ የተጠጣ ጣሳ ውስጥ ደግሞ ሥሩ አየር አጥቶ መሥራት ያቅተዋል። እንዲህ ላለው ተክል መድኃኒቱ ፀረ ተባይ ሳይሆን የውሃ ማጠጫውን መቀነስ ሊሆን ይችላል።

የቅጠል ጫፍና ጠርዝ ደርቆ ቡናማ መሆንም የራሱ ትርጉም አለው። ውሃ ከሥር ተነሥቶ በቅጠሉ ሲተን የያዘው ጨው አብሮት አይተንም፤ በጉዞው መጨረሻ፣ ማለትም በጫፍና በጠርዝ፣ ይከማቻል። ውሃ የነሱት፣ ጨዋማ ውሃ የሚጠጣ ወይም ማዳበሪያ የበዛበት ተክል ከጠርዙ የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው። የፖታሲየም እጥረትም ጠርዝን ያደርቃል፤ ነገር ግን ካረጁት ቅጠሎች ይጀምራል።

የውሃ ጠብታ ቅጠልን ያቃጥላልን?

«ቀትር ላይ ተክል አታጠጣ፤ ጠብታው እንደ ሌንስ ሆኖ ቅጠሉን ያቃጥለዋል» የሚለው ምክር በብዙ አገር ይሰማል። እስቲ በፊዚክስ እንመርምረው። ራዲየሱ ሬ የሆነ ክብ ሉል ብርሃንን የሚሰበስበው ከማዕከሉ ጀምሮ በሚለካ ርቀት ላይ ሲሆን፣ ርቀቱ የስብረት ቁጥሩ በሬ ተባዝቶ፣ ከስብረት ቁጥሩ አንድ ተቀንሶ ለሚገኘው እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የውሃን 1.33 ብናስገባ መልሱ 2 ሬ ይሆናል። ይህም ማለት ብርሃኑ የሚሰበሰበው ከጠብታው ወለል አንድ ራዲየስ ያህል አልፎ ነው። ጠብታው ግን ቅጠሉ ላይ ተቀምጧል፤ የትኩረት ነጥቡ ከቅጠሉ በታች ይወድቃል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ጠብታው በቅጠል ላይ ሲያርፍ ጠፍጠፍ ስለሚል ነጥቡ ይበልጥ ይርቃል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ጋቦር ሆርቫት የተባሉት የሃንጋሪ ፊዚክስ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ በሙከራ ፈትነውታል። በለስላሳ ቅጠል ላይ ያረፈ የውሃ ጠብታ ቅጠሉን አላቃጠለም፤ የመስተዋት ሉል ግን አቃጠለ፤ ምክንያቱም የመስተዋት የስብረት ቁጥር 1.5 በመሆኑ ትኩረቱ ይቀርባል። ጸጉራም ቅጠል ላይ ጠብታው በጸጉሩ ተደግፎ ከገጹ ከፍ ሲል ግን ቃጠሎ ሊደርስ እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ ለስላሳ በሆነው የቡና ወይም የብርቱካን ቅጠል ላይ የገረጣ ጠባሳ ብናይ ጠብታውን ሳይሆን ሌላ ምክንያት እንፈልግ፦ ችግኙ ከጥላ ድንገት ወደ ፀሐይ ወጥቷልን? ከሆነ ጠባሳው ወደ ፀሐይ በዞረው ገጽ ላይ ብቻ ይገኛል።

ሕይወት ያለው ወይስ የሌለው?

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። እንደ ውርጭ፣ ድርቀት፣ የአፈር ጉድለት ወይም ከጎረቤት ማሳ በነፋስ የመጣ መርጫ ያሉ ሕይወት የሌላቸው ምክንያቶች ብዙውን ጊዜ ሥርዓት ያለው ጉዳት ያደርሳሉ። ብዙ ተክሎችን፣ የተለያዩ ዝርያዎችንም ጭምር፣ በአንድ ጊዜና በተመሳሳይ ሁኔታ ይመታሉ፤ ወይም ከአንድ ወገን ጀምረው እየቀነሱ ይሄዳሉ። ተባይና በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ዝርያ መርጠው ከጥቂት ተክሎች ይነሡና እየተባዙ ይስፋፋሉ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የቡና ቅጠል ዋግ ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1869 በዛሬይቱ ስሪላንካ ተመዝግቦ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የደሴቲቱን የቡና እርሻ ስላጠፋ አገሪቱ ወደ ሻይ ዞረች። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሃሪ ማርሻል ዋርድ ከ1880 እስከ 1882 በዚያ ተቀምጦ ሻጋታው በነፋስ በሚጓዝ ዘር እንደሚዛመትና በቅጠሉ ሥር ባሉት የአየር ቀዳዳዎች እንደሚገባ አረጋገጠ። ዛሬም አንድ ተማሪ ይህን በሽታ ለመለየት ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ይበቃዋል። ከላይ ቢጫ ነጥብ፣ ከታች በትክክል በዚያው ቦታ በጣት የሚነሣ ብርቱካናማ ዱቄት ካለ ዋግ ነው። የንጥረ ነገር እጥረት እንዲህ ያለ ዱቄት አይሠራም።

ጥርጣሬ ሲኖር የሚከተሉት ቀላል ሙከራዎች ይረዳሉ።

በመጀመሪያ፣ ቅጠሉን በነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ ማድረግና ወረቀቱን በአጉሊ መነጽር መመልከት። የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ከታዩ እግራቸውን መቁጠር ያስፈልጋል፤ ስምንት ከሆነ ቀይ ሸረሪት ሊሆን ይችላል፣ ስድስት ከሆነ ነፍሳት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ብዙ ፀረ ነፍሳት መድኃኒቶች ቀይ ሸረሪትን አይገድሉም፤ እርሱን የሚበሉትን ነፍሳት ግን ስለሚገድሉ ከተረጨ በኋላ ተባዩ ሊበዛ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የጉዳቱን ድንበር በብዕር ማስመር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጉዳቱ መስመሩን ካለፈ ምክንያቱ አሁንም በሥራ ላይ ነው፤ በቦታው ከቆመ ግን ያለፈ አደጋ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ለጠባሳ መድኃኒት አይረጭም።

ሦስተኛ፣ አንድን ነገር ብቻ መለወጥ። ከሁለት ተመሳሳይ ጣሳዎች የአንደኛውን ውሃ ቀንሶ ሌላውን እንደ ነበረ መተው፣ ከዚያም አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ማነጻጸር። የተበላሸው ቅጠል ላይድን ስለሚችል ፍርዱ በአዲሱ ላይ ይሁን።

ስልካችን መልሱን ይነግረናልን?

በአሁኑ ጊዜ የቅጠል ፎቶግራፍ አንሥተው በሽታውን እንለያለን የሚሉ የስልክ ፕሮግራሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት 54,306 የቅጠል ምስሎችን ተጠቅሞ ኮምፒውተርን በማሠልጠን ከ99 በመቶ በላይ ትክክለኛ ውጤት አግኝቷል። ሆኖም ያው ፕሮግራም በሌላ ሁኔታ በተነሡ ምስሎች ሲፈተን ውጤቱ ወደ 31 በመቶ ገደማ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሞቹ ተሻሽለዋል፤ ትምህርቱ ግን አልተለወጠም። ፎቶግራፉ የቅጠሉን የላይ ገጽ ያሳያል። ከሥሩ ያለውን ዱቄት፣ ምልክቱ ከለጋው ወይም ካረጀው ቅጠል መጀመሩን፣ ጣሳው በውሃ መጥለቅለቁንና ጎረቤት ትናንት ምን እንደ ረጨ የሚያውቀው በቦታው የቆመው ሰው ነው። ስልኩ እንደ አንድ አማካሪ ይሰማ እንጂ እንደ ዳኛ አይወሰድ።

ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ የታመመ ቅጠል ስታገኙ በቅደም ተከተል ጠይቁ፦ ቀለሙ ምን ሆነ? ወደ ብርሃን ሲነሣ ያሳልፋል ወይስ ይበትናል? ከለጋው ወይስ ካረጀው ቅጠል ጀመረ? ከመሃል ወይስ ከጠርዝ? አንድ ዝርያ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? ዛሬ ካለበት ነገ ይሰፋልን? ስድስቱም ጥያቄዎች ያለ ምንም ወጪ ይመለሳሉ። መልሳቸው ወደ ተባይ ወይም ወደ በሽታ ካመለከተ፣ የተጎዳውን ቅጠል ከነሥሩ ገጽታ ይዞ ወደ አካባቢው የግብርና ባለሙያ መሄድና ለዚያው ምክንያት የሚስማማውን ብቻ መጠቀም ይገባል። መውጫ በሌለው ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው የተሳሳተ መድኃኒት ከጓሮው አልፎ የሚጠጣው ውሃና የሚበላው ዓሣ ዘንድ ሊደርስ ይችላልና።