ማጨስ ክልክል ነው፤ ከዚያስ?

ሆሳዕና መናኸሪያ የአዲስ አበባ መኪና እስኪሞላ ቆሜያለሁ። ግድግዳው ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» ተብሎ ተለጥፏል። ከሥሩ አንድ ተራ አስከባሪ ሲጋራውን በመዳፉ ሸፍኖ ይስባል። ዓይኔ ሲያርፍበት አልሸሸም። «ማንበብ እችላለሁ ወንድሜ» አለኝ። «አቁም ይላል። የት ሄጄ፣ ማን ረድቶኝ እንደማቆም ግን አልጻፉበትም።»

ንግግሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሰውየው ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ የሚገባው አረቄ ቀምሶ ነው፤ ከሰዓት ጫት ይከተላል፣ ሲጋራው በመሃል አይቋረጥም። «አንዱን ስተው ሌላው ይጠራኛል። ሦስቱም ተማክረው ነው የያዙኝ» ይላል።

ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትንባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከለከለ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ መሸጥን አገደ፣ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ። የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ደግሞ በሲጋራ ላይ 30 በመቶ፣ በተጨማሪም በየፓኬቱ 8 ብር ጣለ። ያው ስምምነት በአንቀጽ 14 መንግሥታት ማቆም ለሚፈልግ ሰው ሕክምና እንዲያዘጋጁ ያዛል። ክልከላው መናኸሪያው ግድግዳ ድረስ መጥቷል፤ ሕክምናው ግን አልመጣም።

በዚህ አገር መከልከል ረጅም ታሪክ አለው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ የአጫሽን ከንፈር፣ የሱረት ሳቢን አፍንጫ ያስቆርጡ ነበር ይባላል። በደቡብ ገጠሮች ግን ሽማግሌዎችና እናቶች በቅል የሚስቡት ጋያ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የእንግዳ መቀበያ ሆኖ ኖሯል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መንግሥት ራሱ የትንባሆ ነጋዴ ሆነ፤ በብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት በኩል ኒያላን ለትውልድ ሸጠ። በ2008 የድርጅቱ 40 በመቶ ድርሻ ለአንድ የጃፓን ኩባንያ በ510 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2010 የኩባንያው ድርሻ ወደ 71 በመቶ ከፍ አለ። ከዚህ ሁሉ ሽያጭ ጥቂቱ እንኳ ሲጋራ ለማቆም ለሚታገለው ሰው ቢመደብ ምን ነበረበት? ታይላንድ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሲጋራና በአልኮል ታክስ ላይ 2 በመቶ ጨምራ ለጤና ማበልጸጊያ ፈንድ ታውላለች። የእኛ የኤክሳይዝ ገቢ ግን ወደ ጠቅላላው ግምጃ ቤት ገብቶ ይቀላቀላል።

ችግሩን አላወቅንም ማለትም አይቻልም። ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምናልፋት ቡታጅራ በዓለም የታወቀ የአእምሮ ጤና ጥናት ቦታ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት እዚያ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን ጠይቆ ግማሹ ጫት እንደሚቅም፣ ከቃሚዎቹም 17.4 በመቶው በየቀኑ እንደሚቅም አገኘ። ያ ጥናት ከወጣ ሩብ ምዕት ዓመት አልፏል።

እስካሁን ሰውን ከሱስ የማላቀቁን ሸክም በአብዛኛው የተሸከሙት ቤተ ክርስቲያኖች ናቸው። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሆሳዕና ከደረሱ ወዲህ በሀዲያና በከምባታ የወንጌል አማኝ መሆን መጠጥንና ትንባሆን መተው ማለት ሆኗል። በዚህ መንገድ የዳኑ ብዙዎች ናቸው፤ አክብሬ ነው የምጽፈው። ተራ አስከባሪውም ሞክሮታል። «ሦስት ቀን ጾምኩ፣ ጸለዩልኝ። በሦስተኛው ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሲሄድ አየሁ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱልኝ። እኔ ሮጬ አረቄ ቤት ገባሁ፤ ተረጋጋሁ። ያን ቀን የጠጣሁት ለመስከር አልነበረም፣ ላለመሞት ነው።»

ሐኪሞች ይህን ያውቁታል። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ፣ ሊቃዥ፣ ሊሞትም ይችላል። የሚያሻግረው መድኃኒት ርካሽና የታወቀ ነው፤ የሚያስፈልገው ለጥቂት ቀናት የሚከታተል ባለሙያና አልጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ያወጣው መመሪያም የአልኮልና የዕፅ ሱስን ያካትታል። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። የሥነ አእምሮ ነርሶችን በአማኑኤል ሆስፒታል ማሠልጠን የጀመርነው በ1980ዎቹ ነው። በአካባቢው የሚሠራ አንድ ነርስ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ወደ እኔ የሚመጡት አእምሯቸው ከተነካ በኋላ፣ በገመድ ታስረው ነው። ስለ ሱሱ ለማውራት ጊዜው ያልፋል።»

ለሱስ ሕክምና ለምን የበጀት መደብ እንዳልተከፈተ የጠየቅኩት አንድ ኃላፊ ቀጥተኛ መልስ አልሰጠም። መጀመሪያ የፋይናንስ ጉዳይ ነው አለ፤ ፋይናንስ ደግሞ የጤና ጉዳይ ነው ማለቱን ስነግረው ስልኩን ዘጋ። የወረዳ በጀት ጥብቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ከክልል በድጎማ የሚመጣው ገንዘብ አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። በበጀቱ ላይ ስም የሌለው ሥራ ደግሞ መድኃኒትም ክፍልም አይጠየቅለትም።

የዚህ ዋጋ በየቤቱ ይከፈላል። ከደቡብ አፍሪካ ወንድም የላከው ብር ጫት ቤት ይቀራል። በሱስ የተያዘ ልጇን ለማሳከም ከዱራሜ አዲስ አበባ የምትሄድ እናት ትራንስፖርቱንና አልጋውን ከጎረቤት ተበድራ ትከፍላለች፣ ወረፋውንም ትችላለች።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የዞንና የወረዳ ምክር ቤቶችም በዚያው ሰሞን በጀት ያጸድቃሉ። ለሆሳዕናና ለዱራሜ እጠይቃለሁ፦ በየሆስፒታሉ ለሱስ ሕክምና የተለየ ክፍል፣ ከሌላ ሥራ ነፃ የሆነ አንድ ነርስ፣ ጥቂት አልጋዎች፣ በስሙ የተጻፈ የመድኃኒት በጀት። የክፍሉ አድራሻም መናኸሪያው ግድግዳ ላይ፣ ከክልከላው ሥር ይጻፍ።