«ወፌ ቆመች» እስኪባል



በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች ቤት ለቤት ስንዞር እናቶች፣ «የጎረቤቴ ልጅ ቆሞ ሄደ፤ የእኔ ለምን ዘገየ?» ይሉናል። ሕፃናት ሁሉ በአንድ ወር አይራመዱም። የዓለም የጤና ድርጅት በ5 አገሮች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ውጤት፣ ጤናማ ሕፃናት ብቻቸውን የሚራመዱት ከ8 እስከ 18 ወር ገደማ ባለው ጊዜ መሆኑን ያሳያል።

ስለዚህ ከጎረቤት ልጅ ጋር ከማወዳደር ይልቅ በክትባት ቀን ሕፃኑን ራሱን እንመልከት። በ45ኛው ቀን የእናቱን ፊት አይቶ ፈገግ ማለት ጀምሯል? በ14ኛው ሳምንት አንገቱ እየጸና ነው? በ9ኛው ወር ያለ ድጋፍ ይቀመጣል? ለድምፅስ ይዞራል? ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ዕድሜውን መወለድ ከነበረበት ቀን አንሥተን እንቍጠር።

በ9 ወሩ ካልተቀመጠ፣ በ18 ወሩ ካልተራመደ፣ ወይም የቻለውን ከተወ፣ «ሲያድግ ይተወዋል» ብለን አንዘግይ። ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። የመስማት ችግርም ሆነ የምግብ እጥረት ቶሎ ሲታወቅ እርዳታው ይበልጥ ይጠቅማል።

እናቲቱን አንውቀሳት፤ ልጇንም ከሰው ዓይን እንድትደብቅ አናድርጋት። አብረናት እንሂድ።