ዜኒት፦ ባትሪ የማይጠይቀው ካሜራ

ፎቶ ማንሳት የወደድኩት ዘግይቼ ነው። ስልኬ በፎቶ ተጨናንቋል፤ ከዚያ ሁሉ ግን ተመልሼ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ነገሩ የተለወጠው አጎቴ ለትምህርት ከሄደባት ሞስኮ ይዞት የመጣውን ካሜራ ከቁም ሳጥን አውጥቼ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩ ቀን ነው። ከነሌንሱ አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው።

ስሙ ዜኒት-ኢ ነው። ሞስኮ አጠገብ ባለችው ክራስኖጎርስክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ይመረት የነበረ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር የተሠራ የሕዝብ ካሜራ ነው። አብሮት የሚመጣው ሄሊዮስ-44-2 የተባለው ሌንስ ንድፉ የተወሰደው ከጀርመኑ ዛይስ ባዮታር ነው። ፊት ለፊት ያለውን ሰው አጥርቶ፣ ከጀርባው ያለውን ቅጠል እንደ አዙሪት ያሽከረክረዋል። ዛሬም ወጣቶች የሚፈልጉት ለዚህ አዙሪቱ ነው።

ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም። ከሌንሱ በላይ የተሸነቆረ ሰፈፍ የሚመስል መስታወት አለ፤ ከሥሩ ያለው ሴሌኒየም ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያቺ ጥቂት ኤሌክትሪክ ካሜራው አናት ላይ ያለችውን ቀጭን መርፌ ታንቀሳቅሳለች። ከመርፌዋ ጋር መደወያውን አስተካክሎ ቁጥሩን ማንበብ፣ ከዚያ የመዝጊያውን ፍጥነትና የሌንሱን ቀዳዳ በእጅ ማስተካከል የባለቤቱ ሥራ ነው። ብሳሳት ካሜራው ዝም ነው የሚለው።

ስሳሳትም ከረምኩ። ሌንሱ ሁለት ቀለበት አለው፤ በአንዱ የቀዳዳውን ልክ እወስናለሁ፣ በሌላው ከፍቼ አነጣጥርና ከመጫኔ በፊት እዘጋለሁ። ይህችን መዝጋት ስለምረሳ ከመጀመሪያው 36 ፎቶ ግማሹ ነጥቶ ወጣ። ማነጣጠሪያውም አታላይ ነው፤ ፊልሙ ላይ ከሚያርፈው ምስል ሲሶውን ያህል አያሳይም። ብቻዋን ያነሳኋት አክስቴ ፎቶው ሲታጠብ ከጎኗ ጀሪካን የያዘ ልጅ ነበረ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ ግን የእናቴ ነጠላ ናት። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሩ ላይ አነሳኋት። መርፌዋ ያለችውን ሁሉ ታዝዣለሁ። ፊልሙን አሳጥቤ ስመለስ ነጠላው አመድ መስሏል፣ ፊቷ ጨርሶ ጠቁሯል። «ልጄ፣ ነጠላዬን ነው እንዴ ያነሳኸው?» አለችኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ይመስለዋል። ነጭ ሲገጥመው «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ቀዳዳውን እንዳጠብ ያዘኛል፤ እኔ ሳጠብ ፊት ይጨልማል። ነጭ የሚለበስበት አገር ውስጥ ይህ ትንሽ ችግር አይደለም። መፍትሔው ካሜራውን ፊቷ ድረስ አስጠግቶ ብርሃኑን ከዚያ ለክቶ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንሳት ነው። በሚቀጥለው እሑድ እንደዚያ አደረግሁ። ፎቶው አሁን ሳሎን ተሰቅሏል።

ከዚያ ወዲህ ካሜራ ሳልይዝም ብርሃን እያየሁ መሄድ ጀመርኩ። አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለሚቆም የሰው ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ያስቀምጣል፤ እኔ በቀትር ሰው አላነሳም። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ማታ ከአሥር በኋላ ይበቃኛል። ፊልም ውድ ነው፣ የሚያጥብ ፎቶ ቤትም እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ ከመጫኔ በፊት ብዙ ቆሜ አያለሁ። ደስታውም ያ መቆሙ ላይ ነው፤ ይህን ከስልኬ አላገኘሁትም።

የቆጨኝ አንድ ነገር ነው። ካሜራውን ከቁም ሳጥን ያወጣሁት ቀን የኋላ በሩን በጉጉት ከፈትኩት። ውስጡ ያላለቀ ፊልም ነበረ። ብርሃን ከገባበት በኋላ ብዘጋው ምን ዋጋ አለው! አጎቴን ምን አንስቶበት እንደነበር ጠየቅሁት። ብዙ አሰበ፤ አላስታወሰም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ካሜራ ካለ፣ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት በስተግራ ያለችውን የፊልም መጠቅለያ ቀስቱ ወደሚያመለክተው በቀስታ አዙሯት። ከበድ ካለቻችሁ ፊልም አለበት፤ አትክፈቱት።