ለዓሣውም እርሾ ያስፈልገዋል

ጊዮርጊስ አካባቢ ካሉት አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ቢሮ ያለው የሙያ ባልደረባዬ፣ እንግዳ መቀበያውን ያሳምርልኛል ብሎ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ከስድስት ወርቃማ ዓሣዎች ጋር ገዛ። ውኃው ከመስታወቱ የማይለይ፣ ጥርት ያለ ነበር። በዘጠነኛው ቀን የመጨረሻው ዓሣ ሞተ። ባልደረባዬ እንደ ሕግ ሰውነቱ መጀመሪያ ያሰበው ሻጩን መጠየቅ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት የሚጠየቅበትን ሁኔታ ይደነግጋልና። እኔ ግን ነገሩን ከስር ከመሠረቱ ሳጣራ ሻጩን ተጠያቂ የሚያደርግ ነገር አላገኘሁም። ዓሣዎቹን የገደለው የአኳሪየሙ አዲስነት ነው።

ዓሣ የሚበላውም የሚጸዳዳውም በዚያችው ውኃ ውስጥ ነው። ከሰውነቱ፣ በተለይም ከስንጥቡ፣ የሚወጣው አሞኒያ ነው፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ስንጥቡን መልሶ ያቃጥለዋል። ዓሣ የሚገድለው መጠን በዓይን አይታይም፣ በአፍንጫም አይታወቅም። ሐዋሳ ሐይቅን በመሰለ ሰፊ ውኃ ይህን የሚያስወግዱ ባክቴሪያዎች ከጥንት ጀምሮ ሰፍረዋል። አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው፣ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ጉዳቱ በጣም ያነሰ ስለሆነ ውኃ በመቀየር ብቻ ይቀነሳል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት በውኃው ውስጥ ተንሳፈው ሳይሆን በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። አዲስ አኳሪየም ደግሞ ይህ የለውም። ሌሎች ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ሲራቡ፣ እነዚህ በእጥፍ ለመብዛት ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ይወስድባቸዋል። ውኃው ወደ 25 ዲግሪ በሚሞቅበት አኳሪየም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል ይባላል። ማሞቂያ በሌለው የአዲስ አበባ ክፍል ግን ቅዝቃዜው ስለሚያዘገያቸው ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።

እናቶቻችን ይህን ያለ ኬሚስትሪ ያውቁታል። አዲስ ቡኮ ሲቦካ ካለፈው ሊጥ የተረፈ እርሾ ይጨመርበታል፤ እርሾ ያለቀበት ቤት ከጎረቤት ይዋሳል። አኳሪየምም እንደዚሁ ነው። ጤነኛ ዓሣ ያለበት የቆየ አኳሪየም ካለው ሰው ያገለገለ ስፖንጅ ተውሶ በእርጥቡ ወደ አዲሱ ማጣሪያ ማስገባት፣ ከሁሉም የተሻለው መላ ነው።

ዓሣው አስቀድሞ ገብቶ ከሆነስ? ያኔ ባክቴሪያው እስኪደርስ ድረስ የባክቴሪያውን ሥራ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት። አሞኒያና ናይትራይት መለኪያ ጠብታ ይግዙ፤ ያለ እርሱ የሚደረገው ሁሉ ያለ ማስረጃ መፍረድ ነው። በየቀኑ ይለኩ። ከሁለቱ አንዱ በሊትር ወደ 0.25 ሚሊግራም ሲደርስ ሩቡን ውኃ፣ ከ0.5 ሲያልፍ ግማሹን ይቀይሩ። የሚጨመረው ውኃ ሙቀቱ ከነባሩ ጋር ይቀራረብ። ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ እሱም ዓሣው ወዲያው የሚጨርሰው ያህል ብቻ ይሁን። አሞኒያ በቀላል ውኃ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ አልካላይነቱ በበዛ ውኃ የሚያደርሰው ይብሳል፤ ስለዚህ ፒኤችንም መለካት አይከፋም።

የባልደረባዬ ትልቁ ስህተት ደግሞ ከደግነት የመጣ ነው። ዓሣዎቹ ሲደክሙ አይቶ በአምስተኛው ቀን ውኃውን በሙሉ ደፋ፣ ማጣሪያውንም ቧንቧ ከፍቶ አጠበው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣልን ውኃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን የተጨመረበት ነው፤ ክሎሪኑ ለእኛ የጤና ዋስትና ሲሆን፣ ለዓሣው ስንጥብና ገና መስፈር ለጀመረው ባክቴሪያ ግን ጠላት ነው። ማጣሪያ የሚታጠበው ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ፣ በባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ነው። የቧንቧ ውኃ ደግሞ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ሳይከደን አንድ ሁለት ቀን ቢያድር ክሎሪኑ ይተናል። በፈረቃ ውኃ የምናጠራቅም ሰዎች ምሬታችን ለአንዴ እንኳ ጥቅም ሰጠ ማለት ነው። በሱቅ የሚሸጡ ብዙዎቹ ክሎሪን ማጥፊያዎች ውስጥ ያለው ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው፤ ፎቶ በፊልም በሚታጠብበት ዘመን ፎቶ ቤቶች ሃይፖ ይሉት የነበረው መሆኑ ነው። የተቀላቀለ የፎቶ ኬሚካል ግን ፈጽሞ እንዳይጠቀሙ።

ስለ ከፍታችንም አንድ ነገር ልበል። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ውኃ፣ ሙቀቱ እኩል ሆኖ፣ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። በዚህ ላይ መብራት ሲጠፋ ዓሣውም ባክቴሪያውም አብረው ይታፈናሉ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አዲስ አበባ ውስጥ ቅንጦት አይደለም።

ባልደረባዬ እንደገና ጀምሯል። በዚህኛው ጊዜ ሁለት ዓሣ ብቻ ገዛ፣ ስፖንጅ ከአንድ ወዳጁ ተዋሰ፣ ጠዋት ጠዋትም የለካውን በደብተር ይጽፋል። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ላይ የረጉት በአምስተኛው ሳምንት ነው። አሁን ሦስተኛ ዓሣ ልግዛ እያለ ነው፤ ወርቃማ ዓሣ እያደገ የሚሄድ ስለሆነ 60 ሊትር ለሁለቱም ጠባብ ነው ብዬ ከለከልኩት።